«የጋብቻ ሁኔታ» የምትለዋ ጥያቄ እሱን ጠቅማ እኔን ለምን ጎዳችኝ?

የኮዬዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በፊት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ልጄ አሁን ጡት ትቷል፣ ይሮጣል። ስለዚህ ሥራ መፈለግ ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለየብቻችን ቃለ መጠይቅ ገባን። እሱ የተሻለ ደመወዝ ፈልጎ ነው። እኔ መመለሻ በር ፈልጌ ነው። ሁለታችንም ፎርም ሞላን። «የጋብቻ ሁኔታ» የምትለዋ ላይ ሁለታችንም «ባለትዳር» ብለን ጻፍን።

እሱን የጠየቀው ሰውዬ ፎርሙን አይቶ «ባለትዳር ነህ፣ ጥሩ ነው፣ የምንፈልገው የተረጋጋ ሰው ነው» አለው። እኔን ሁለት ሰዎች ናቸው የጠየቁኝ። መጀመሪያ «ልጅ አለሽ?» አሉኝ። ቀጥለው «ሲታመም ማን ይይዝልሻል?» ከዚያ «ሌላ ለመውለድስ አስበሻል?» ስለ ሂሳብ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ። እሱ ሥራውን አገኘ። እኔን «እንደውልልሻለን» አሉኝ። አልደወሉም።

የተጻፈው ቃል አንድ ነው። ትዳሩም አንድ ነው፣ የእኛው ትዳር። እንቅልፍ ነሳኝ። የእኔ ብቻ እድል መሆኑን ለማየት ማንበብ ጀመርኩ። ዩኤን ዊሜን የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ላይ ይህንን አገኘሁ። በዓለም ላይ ከ25 እስከ 54 ዓመት ካሉ ያገቡ ሴቶች ሥራ ያላቸው ወይም ሥራ የሚፈልጉት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው። ካላገቡት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ናቸው። ያገቡ ወንዶችስ? ከ100 ሰው 96ቱ።

ይኸው ነው ጥያቄዬ። ትዳር ወንዱን ወደ ሥራ እየገፋ ሴቷን ከሥራ የሚያወጣው ለምንድን ነው? በየአገሩ እንዲህ ነው? እናንተስ ሰፈር እንዴት ነው?

ቁጥር ወዳጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። እኔ ጥናት የሚሠራ ቢሮ ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ብዙ ቤት አንኳኩቻለሁ። ቁጥሮቹን ከማነፃፀራችን በፊት ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ «ሥራ» የሚባለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሚጠቀምበት መለኪያ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለራስ ቤት ፍጆታ የሚሠራው ሥራ ለብቻው ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ አንዲት ሴት ለልጆቿ እንጀራ ብትጋግር ሥራ አላት አይባልም። ያንኑ እንጀራ በዚያው ምጣድ ጋግራ ለጎረቤት ብትሸጥ ሥራ አላት። ቤት ለቤት ስዞር በጣም የከበደኝ ይኸ ነበር። «ሥራ አለሽ?» ስላት «የለኝም፣ ቤት ነው ያለሁት» ትለኛለች። በሩ ላይ ግን ከሰል በጀሪካን ክዳን እየሰፈረች ትሸጣለች። ደጋግመህ ካልጠየቅህ ሳትመዘገብ ታልፋለች።

ሁለተኛ፣ ዕድሜ። ካላገቡት ውስጥ ተማሪ አለ። ባል ከሞተባቸው ውስጥ አሮጊት አለ። ዕድሜውን ሳያስተካክሉ «ያገቡ እንዲህ፣ ያላገቡ እንዲያ» ማለት ያሳስታል። አንቺ ያመጣሽው ከ25 እስከ 54 ያለውን ስለሆነ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ትዳር ወንዱን ሥራ አስያዘው ወይስ ሥራ የያዘው ነው ያገባው? በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ገና ሳይቀመጡ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ይባላል። ሥራ የሌለው ልጅ ሽማግሌ አይልክም፣ ቢልክም ይመለስበታል። ስለዚህ ያገቡት ወንዶች ቀድመው ተመርጠው የገቡ ናቸው። ለሴቷ ይህንን የሚጠይቅ የለም። ለወንዱ ሥራ የትዳር መግቢያ ነው። ለብዙ ሴት ደግሞ ትዳር የሥራ መውጫ ሆኗል።

ጋሽ ጡረተኛ (አቃቂ)

ልጄ፣ ያነሳሽው ነገር ልቤን ነካው። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና 22 ዓመት ፋብሪካ ሠርታለች። በሽፍት ነበር የምትገባው። አምስት ልጅ ወልዳ አንድም ቀን ሥራ አቁማ አታውቅም። እንዴት ቻለችው? እኔ ስላገዝኳት አይደለም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ልጅ ማቀፍ እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። የቻለችው ግቢ ስለነበረን ነው። በአንድ ግቢ ሰባት አባወራ ነበርን። አንዷ ሌሊት ስትገባ ሌላዋ የእሷን ልጅ ታጥባለች። አሮጊቶቹ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ሁሉንም ልጅ ይጠብቃሉ። የማን ልጅ የማን ቤት እንደበላ አይታወቅም ነበር።

አሁን ልጄ አንቺ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገብታለች። አራተኛ ፎቅ ነው። ጎረቤቷን ስሟን አታውቅም። ቤቱ የሷ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ልጇን የሚያይላት አንድ ሰው የለም። እሷም ሥራ ለቃለች።

የኮዬዋ እናት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉት የእኔው ታሪክ ነው። እናቴ ያሉት አዲሱ ገበያ ነው። ልጄን ለእሳቸው ላድርስና ሥራ ልግባ ብል ሦስት ታክሲ ነው። ስሠራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበር የምወጣው። ሰልፉ ላይ ስደርስ ከፊቴ መቶ ሰው ይቆማል። ማታ 2 ሰዓት ነበር የምገባው። ልጄ ተኝቶ እሄዳለሁ፣ ተኝቶ አገኘዋለሁ።

ጠበቃዋ ከአያት

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። አንዱ የትዳር ጓደኛ ለቤታችን ጥቅም ብሎ የሌላውን ሥራ መቃወም ይችል ነበር። በተግባር የሚቃወመው ማን እንደነበር ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልየው የቤት ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱ ሥራ የሚስት ግዴታ እንደሆነም በግልጽ ተጽፎ ነበር። ይህ ሕግ 40 ዓመት ሠርቷል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ይህ ሁሉ ቀረ። ጋብቻም ከ18 ዓመት በታች እንዳይሆን ተደረገ። ሕጉ በሁሉም ክልል በአንድ ቀን ስላልጸና ሁለት ተመራማሪዎች አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። ቀድመው የጀመሩት አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ ነበሩ። እነዚህን ገና ካልጀመሩት ጋር አነፃፀሩ። ሕጉ ቀድሞ በገባባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ዓመቱን ሙሉና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ይበልጥ ተሰማሩ። ለውጡ ጎልቶ የታየው በወጣትና ባላገቡ ሴቶች ላይ ነበር። እኔ ይህንን ጥናት ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ያገባችውን ለማላቀቅ የወጣ ሕግ ይበልጥ የጠቀመው ገና ያላገባችውን ነው። ያገባችውን የያዛት የወረቀቱ ክልከላ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ስላጋጠመሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነትና እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳይሆኑ ይከለክላል። በፆታ ምክንያት ሴትን በቅጥር ማበላለጥም ክልክል ነው። ችግሩ «እንደውልልሻለን» ብሎ ዝም ማለት ማስረጃ የለውም። በዚሁ አዋጅ ሴቷ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። አባት 3 ቀን ነው የሚሰጠው። ቀጣሪው ፎርሙ ላይ «ባለትዳር» የሚለውን ሲያይ የሚያሰላው ይህንን ነው። በእሷ ላይ 120 ቀን፣ በእሱ ላይ 3 ቀን። የሴቷ ፈቃድ ይቀነስ እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። የአባትየው ነው ትንሹ።

የለሚዋ ልጅ

እኔ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ስፌት ላይ። መስመራችን ላይ አብዛኞቻችን ከገጠር የመጣን ያላገባን ልጆች ነን። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ያገባች ልጅ ትንሽ ትቆያለች፣ ከወለደች በኋላ ግን አትመለስም። ማንም አላባረራትም። ደመወዙ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም፤ ልጅ የሚይዝ ከየት ትቀጥራለች? እኔም እጮኛ አለኝ። ይህንን ሳነብ ፈራሁ።

አባወራው

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ቤት የሆነች ሴት ሁሉ ተገፍታ አይደለም። የእኔ ባለቤት ራሷ መርጣ ነው ያቆመችው። ቁጭ ብለን አስልተናል። ደመወዟ በእጇ የሚደርሰው 10,000 ብር ነበር። ለሞግዚት 5,000፣ ለትራንስፖርት 2,500 ሊሄድ ነው። ምሳ ሲጨመር ምን ይተርፋል? ለ1,000 ብር ብላ ልጇን ለማታውቀው ሰው ጥላ ትሂድ? እኛ ያደረግነው ስሌት ነው፣ ጭቆና አይደለም።

የኮዬዋ እናት

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ደስ ብሏት ከሆነ እኔም ደስ ይለኛል። ልጅ ማሳደግም ትልቅ ሥራ ነው፣ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ግን ያንን ስሌት እኛም ቤት ሠርተነዋል፣ ቁጥሩም ካንተ ብዙ አይርቅም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሞግዚቷ 5,000 ብር ለምን ከእሷ ደመወዝ ብቻ ተቀነሰ? ልጁ የሁለታችሁ ነው። ከሁለታችሁ ደመወዝ ላይ ብታካፍሉት ስሌቱ ሌላ ይሆን ነበር። እኔም ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። እኔው ራሴ ነኝ በካልኩሌተር ከደመወዜ የቀነስኩት። የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ!

ሌላው ደግሞ ስሌቱ የዘንድሮን ብቻ ነው የሚያየው። አብረውኝ የጀመሩት ልጆች አሁን ከፍተኛ ሂሳብ ሠራተኛ ሆነዋል። ጡረታቸው እየተጠራቀመ ነው። እኔ ስመለስ የምጀምረው ከታች ነው። ያ ኪሳራ በካልኩሌተራችን ላይ አልነበረም።

አባወራው

ከሁለታችን ይቀነስ የሚለውን እውነት ለመናገር አስቤው አላውቅም። ዛሬ ማታ እናወራለን።

ቁጥር ወዳጅ

«በየአገሩ እንዲህ ነው?» ላልሽው ልመለስ። ያገባ ወንድ ጉዳይ በየትም አገር ብዙ አይለያይም። የሚለያየው ያገባችው ሴት ናት፣ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ያህል ነው። ይህ ነው ተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየኝ። ተፈጥሮ ቢሆን በየአገሩ ተመሳሳይ ይሆን ነበር።

ጃፓንን እንውሰድ። የሴቶች ሥራ በዕድሜ ሲሳል ለብዙ ዘመን ሁለት ኮረብታና መሃሉ ላይ ሸለቆ ነበረው። ሸለቆው የጋብቻና የወሊድ ዕድሜ ነው። አሁን በብዛት ሞልቷል። ግን ሲመለሱ ብዙዎቹ የሚመለሱት ወደ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። የግብር ሕጉም ለአሥርት ዓመታት የሚስት ገቢ በዓመት ከ1.03 ሚሊዮን የን ካለፈ ጥቅም ያስቀር ስለነበር ብዙ ሚስቶች ዓመቱ ሲያልቅ ሆን ብለው ሰዓት ይቀንሱ ነበር። ያንን ጣሪያ ሰዎቹ «ግድግዳ» ነው የሚሉት።

በአየርላንድ ደግሞ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ሴት የመንግሥት ሠራተኛ ካገባች ሥራዋን መልቀቅ ግዴታዋ ነበር። በምዕራብ ጀርመን እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሚስት መሥራት የምትችለው ከትዳር ግዴታዋ ጋር እስከተስማማ ድረስ ብቻ ነው ይል ነበር ሕጉ። ፈረንሳይ የባል ፈቃድን ያነሳችው በ1965 ነው። «ፈረንጅ አገር ድሮም እንዲህ ነበሩ» የሚል ሰው ሳገኝ ይህንን እነግረዋለሁ።

ግብፅና ዮርዳኖስ ሌላ መልክ አላቸው። ሴቷ የግል ድርጅት ውስጥ ከሆነች ስታገባ ትለቃለች፤ የመንግሥት ሥራ ላይ ከሆነች ትቆያለች። ሰዓቱ አጭር ነው፣ ፈቃዱም ይከበራል። ያው ሴት፣ ያው ባህል፣ ሥራው ሲለያይ ውጤቱ ተለየ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ቤተሰቡ ገቢው ሲሻሻል ሚስትየዋ ከሥራ መውጣቷ እንደ ክብር ሲታይ ቆይቷል።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ያገቡ ሴቶች በብዛት ይሠራሉ። ግን አብዛኛው እርሻና ጥቃቅን ንግድ ነው፣ ልጅ አዝለው የሚሠሩት። ሄንሪክ ክሌቨን የሚባል የኢኮኖሚክስ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 134 አገሮችን አጥንተው ያገኙት ይህንኑ ነው። ድሃና ገበሬ በሆነ አገር ልጅ መውለድ የሴቷን ሥራ ብዙም አይቀንሰውም። ሥራው ወደ ቢሮና ፋብሪካ ሲሄድ ግን በወንድና በሴት መካከል ላለው ልዩነት ዋናው ምክንያት ልጅ ይሆናል። ልጅ አዝሎ ጎመን መኮትኮት ይቻላል። ልጅ አዝሎ ሜክሲኮ ቢሮ መግባት አይቻልም። አዲስ አበባ ዳር ያለነው መሃሉ ላይ ነን፤ እርሻው ቀርቷል፣ ቢሮው ሩቅ ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን የአሜሪካን 200 ዓመት መዝገብ ስታገላብጥ አንድ ነገር አስተውላለች። እርሻ ላይ ከባሏ ጋር ስትለፋ የኖረች ሴት በቆጠራው መዝገብ ላይ ሥራዋ «ሚስት» ተብሎ ነበር የሚጻፈው።

የኮዬዋ እናት

የቀበሌ መታወቂያዬን አሁን አውጥቼ አየሁት። ባለፈው ዓመት ነው ያሳደስኩት። «ሥራ» በሚለው ፊት «የቤት እመቤት» ይላል። ሳሳድስ ጸሐፊዋ አልጠየቀችኝም፣ ልጁን አቅፌ ስታየኝ ጻፈችው። እኔም ምንም አላልኩም።

ስቶክሆልም ያለሁት

ሰላም ከሩቅ። እኔ ያደግኩት ካራ ነው፣ አሁን ስዊድን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ ያገባችና የወለደች ሴት መሥራቷ ብርቅ አይደለም፣ የማትሠራዋ ናት «ምን ሆና ነው?» የምትባለው። ግን እንዲሁ አልሆነም። በ1971 እ.ኤ.አ. ግብር ለባልና ሚስት አንድ ላይ መታሰቡ ቀርቶ ለየብቻ ሆነ። በ1974 የእናት ፈቃድ የወላጅ ፈቃድ ተባለ፤ አባትም መውሰድ ቻለ። አሁን ለአንድ ልጅ 480 ቀን አለ። ከዚያ ውስጥ 90 ቀኑ የአባት ብቻ ነው፣ እሱ ካልወሰደው ይቃጠላል።

ባለቤቴ ሐበሻ ነው። መጀመሪያ ልጃችንን ይዞ ቤት ሲቀር ለእናቱ ስልክ ላይ አልነገራቸውም ነበር። ሁለተኛዋ ስትወለድ ራሱ ደውሎ ነገራቸው። «እንዴት ነው ገንፎው አልጓጎለብህም?» ብለው ያሠራሩን አስረዱት።

ሆኖም እዚህም ሁሉ አልተስተካከለም። ግማሽ ቀን የሚሠራው በብዛት ሴቷ ናት።

የጀሞዋ

እኔ ፈት ነኝ። ሁለት ልጅ አለኝ። ሪፖርቱን ያነበበችው እህቴ ያልጻፈችው አንድ መስመር አለ። እኔም አንብቤዋለሁ። የተፋቱና የተለያዩ ሴቶች ካላገቡትም ይበልጥ ይሠራሉ፤ ከ100 ወደ 73 ናቸው። ሰው ይህንን ቁጥር ሲያይ «ጎበዝ ሴቶች» ይላል።

እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ 120 እንጀራ እጋግራለሁ። መብራት ከጠፋ ሊጡ ይበላሻል፣ የዚያ ቀን ገቢ ዜሮ ነው። ባል እያለኝ ሥራ አልነበረኝም፣ አሁን አለኝ። ለቆጣሪው ተሻሽያለሁ። እኔ ግን የሠራሁት አማራጭ ስላጣሁ ነው። ያገባሁ ጊዜ ትንሽ ሥራ ቢኖረኝ ኖሮ ስለያይ ከባዶ አልጀምርም ነበር። ለዚህ ነው ለለሚዋ ልጅ የምነግራት፦ እህቴ፣ አግቢ፣ ውለጂም። ግን ሙያሽንና እቁብሽን አትልቀቂ። እቁቡ በስምሽ ይሁን።

የለሚዋ ልጅ

እሺ እትዬ። አመሰግናለሁ።

ቁጥር ወዳጅ

የጀሞዋ፣ ልክ ነሽ፣ እኔም ዘልዬው ነበር። ይህንን ልጨምርና ላብቃ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባወጣው ግምት በ2023 እ.ኤ.አ. ቤተሰብ በመንከባከብ ምክንያት ከሥራ ኃይል ውጭ የነበሩ ሴቶች 708 ሚሊዮን ናቸው። በዚያው ምክንያት ከሥራ ኃይል ውጭ የነበሩ ወንዶች 40 ሚሊዮን ናቸው።

ያገባች የከተማ ሴት ሥራ ከገባች ደግሞ ቤቷ የምትሠራው ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ያላገባች ልጅ ናት። አንዷ የምትወጣው በሌላዋ ትከሻ ነው። የዚያች ልጅ ደመወዝና የእረፍት ቀን የሚነሳው መቼ ነው? እሷ ዓረብ አገር ስትሄድ ያችኛዋ ቤት ትቀራለች።

ጠበቃዋ ከአያት

ለዚህ ነው የሕፃናት ማቆያ የምለው። ሥራ ቦታ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ። ሞግዚት በየቤቱ ከመቅጠር ለአንዲት ባለሙያ ሴት ተሰብስቦ ጥሩ ደመወዝ መክፈል ይሻላል። ኮዬ ላይ ኮሚናል፣ የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ የላችሁም?

የኮዬዋ እናት

አለን። ለለቅሶና ለሠርግ ነው የምንጠቀምበት። ሌላውን ቀን ተቆልፎ ይውላል።

(ከሦስት ቀን በኋላ) ተመልሻለሁ። ትናንት ከብሎካችን ኮሚቴ ጋር ተነጋገርኩ። ቁልፉን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሊሰጡን ፈቃደኛ ናቸው፣ ለቅሶ ካለ ግን እንለቃለን። ምድር ቤት ያሉ እትዬ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናቸው። ስነግራቸው «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አሉኝ። እስካሁን ስድስት እናቶች ነን። ሂሳቡን እኔ እይዛለሁ። ክፍያው ከባልም ከሚስትም እኩል እንዲሆን አቀርባለሁ፤ ባለቤቴ ተስማምቷል። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ ያለው ሰው እንፈልጋለን። ምንጣፍ አለን፣ በር ላይ የሚደረግ መከለያ የለንም።

የጋሽ ጡረተኛ ልጅም ብሎኳ ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ በውስጥ መስመር ተጻጽፈናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ 5 ሰዓት ላይ ኮሚናሉ ደጃፍ እንገናኛለን። አባቶችም ኑ። የእኔው ይመጣል።

ጋሽ ጡረተኛ (አቃቂ)

ልጄን ይዤ እመጣለሁ። መከለያውን እኔ እሠራዋለሁ፣ ጣውላ አለኝ። የበሩን ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ።